ስለ ንግድ ሎጎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱቅ፣ ካፌ፣ ክሊኒክ ወይም አነስተኛ ፋብሪካ ከፍተው ሎጎ ለማሠራት ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ሎጎ እና ብራንድ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሎጎ ድርጅቱን ከሌላው የሚለይ ምልክት ነው። ብራንድ ግን ሰው ስምዎን ሲሰማ በልቡ የሚይዘው ነገር ሁሉ ነው፦ የዕቃው ጥራት፣ የአስተናጋጁ ፊት፣ የዋጋው ልክ፣ ቀጠሮ ማክበርዎ። መጥፎ አገልግሎትን ሎጎ አያድነውም። የሎጎ ሥራ አንድ ጊዜ የረካ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ከአሥር ሱቅ መካከል የእርስዎን ሳይሳሳት እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ያምራል ወይ?» ከሚለው በፊት «ይለያል ወይ? ይነበባል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ዲዛይነር ጋ ከመሄዴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ቁርጥ አድርገው ይጻፉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በንግድ ፈቃዱ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ታፔላው ላይ «ጸሀይ»፣ ማህተሙ ላይ ደግሞ «ፀሃይ» ከሆነ ደንበኛ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልገው አያገኘውም፤ ሰነድ የሚያመሳክር ሰውም ይጠራጠራል። በፈቃዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ። የእንግሊዝኛውንም አጻጻፍ አንዴ ወስነው በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በኢሜይል አድራሻዎ ላይ ያንኑ ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ሎጎው የት የት እንደሚገባ ይዘርዝሩ፦ ታፔላ፣ ማህተም፣ ደረሰኝ፣ የማሸጊያ ከረጢት፣ የሠራተኛ ልብስ፣ የመኪና በር፣ ስልክ ላይ ያለ ገጽ። ዲዛይነሩ ምን ዓይነት መስመርና ስንት ቀለም እንደሚችል የሚነግረው ይህ ዝርዝር ነው። በመጨረሻም በሰፈርዎ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ የአምስት ስድስት ድርጅቶችን ታፔላ በስልክዎ ያንሱ። ሁሉም ቀይ ከሆኑ፣ ሁሉም ክብ ውስጥ ከሆኑ፣ ከምን መራቅ እንዳለብዎ እዚያው ያዩታል።

የግድ ሥዕል ያስፈልገዋል ወይስ ስሙ ብቻ ይበቃል?

ስሙ አጭር ከሆነ (በአማርኛ ከሁለት እስከ አምስት ፊደል) እና በአካባቢው የተለመደ ካልሆነ፣ በጥሩ አጣጣል የተጻፈ ስም ብቻውን ጥሩ ሎጎ ይሆናል። አዲስ ድርጅት መጀመሪያ የሚፈልገው ስሙ እንዲታወቅ ነው፤ ሥዕሉን ብቻ አይቶ የሚለይ ደንበኛ ገና የለውም።

ስሙ ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ የባለቤቱ ሙሉ ስም ላይ «አጠቃላይ አስመጪና ላኪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» ከተጨመረ፣ ጠባብ ቦታ ላይ የሚቆም ምልክት የግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን፦ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» የሚለው ለውልና ለደብዳቤ ነው፤ ሎጎው ውስጥ አይግባ። ሎጎው ላይ ሰው የሚጠራው ስም ብቻ ይግባ።

ካፌ ስለከፈትኩ ጀበና ወይም የቡና ፍሬ ማድረግ ምን ችግር አለው?

ጀበናው ቡና እንደሚሸጡ ይናገራል፤ እርስዎ ማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። አጠገብዎ ያለውም ካፌ ጀበና አለው። ለጉዞ ወኪል የአክሱም ሐውልት፣ ለትምህርት ቤት የተከፈተ መጽሐፍ፣ ለጥርስ ክሊኒክ ጥርስ፣ ለግንባታ ድርጅት ክሬን እንዲሁ ናቸው። በንግድ ምልክት ምዝገባም ቢሆን በዘርፉ ሁሉም የሚጠቀምበት ነገር ለብቻ የመያዝ ዕድሉ ደካማ ነው።

የግድ ጀበና ከፈለጉ አሳሳሉ ላይ የራስዎን ነገር ይጨምሩበት። የጀበናው ጆሮ የስምዎን የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ ቢይዝ ወይም ሙሉ ሥዕሉ ቀርቶ አንገቱና ክዳኑ ብቻ በሁለት ወፍራም መስመር ቢሣል የእርስዎ መሆን ይጀምራል። ይበልጥ የምንመክረው ግን ከስሙ ወይም ከቦታው መነሳትን ነው። ስሙ የአያትዎ ከሆነ ለቀሚሳቸው ጥለት ቅርብ የሆነ ንድፍ፣ ቤቱ ዳገት ላይ ከሆነ ደረጃው፣ ማንም ሌላ ካፌ የማያነሳው ነገር ነው።

ስንት ቀለም ይኑረው?

ሁለት ይበቃል፤ አንድ ዋና፣ አንድ ረዳት። ከሦስት ካለፈ የቲሸርት ህትመትና የስቲከር ሥራ ዋጋ በየቀለሙ ይጨምራል። እየፈዘዘ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ቀለም ስልክ ላይ ያምራል፤ ጥልፍ፣ ማህተም እና ተቆርጦ የሚለጠፍ ስቲከር ላይ ግን ጭራሽ አይሠራም።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን አንድ ላይ ማድረግ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው። ስሜቱ ይገባናል። ነገር ግን በየመንገዱ ብዙ ድርጅት ስለተጠቀመበት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከአየር መንገዱ ወይም ከሌላ ነጋዴ ጋር ያምታታል። ከሦስቱ አንዱን መርጦ መያዝ ይሻላል።

ማህተሙና ደረሰኙ ላይ ሎጎዬ ለምን ይጨማለቃል?

ሎጎው ትልቅ ስክሪን ላይ ስለተሠራና እዚያው ስለጸደቀ ነው። ክብ ማህተም በተለምዶ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያውን ስምና አድራሻ ይወስደዋል። ለሎጎው መሀል ላይ የሚተርፈው ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ቀለሙ አንድ ነው፣ ጎማው ይለጠጣል፣ ቀለም ሲበዛበት ክፍተቱ ይሞላል። ከ0.3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ይቆራረጣል፤ ከ0.4 ሚሊ ሜትር የጠበበ ክፍተት ይደፈናል። በቀላሉ ለመለካት፦ የሎጎውን ስፋት 100 ቢሉት በጣም ቀጭኑ መስመር ከ2፣ በጣም ጠባቡ ክፍተት ከ3 በታች አይሁን።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ የሙቀት ማተሚያው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው የሚያትመው። በ58 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ የሚታተመው 48 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ በተለመደው ማሽን 384 ነጥብ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ማለት ነው። ግራጫም ሆነ ፈዛዛ ቀለም ወደተበታተኑ ነጥቦች ይቀየርና ቆሻሻ ይመስላል። ለደረሰኝ ንጹሕ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ስፋቱ ከ200 እስከ 300 ነጥብ የሆነ የተለየ ፋይል ያሠሩ።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዲዛይነሩ የመጀመሪያውን ሐሳብ በጥቁር ብቻ ያቅርብ፤ ቀለም በኋላ ይመጣል። ያቀረበውን በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ በ10፣ በ5፣ በ3፣ በ2 እና በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያትሙት። ከዚያ ወረቀቱን ኮፒ ያስደርጉ፣ ኮፒውንም እንደገና ኮፒ ያስደርጉ፤ ደብዳቤዎ በየቢሮው የሚደርስበት ዕጣ ይኸው ነውና። ሁለተኛው ኮፒ ላይ ባለ 2 ሴንቲ ሜትሩ አሁንም ከታወቀ ሎጎው ብቁ ነው። ካልታወቀ መስመር ይቀንሱለት እንጂ «ማህተሙ ላይ አንጠቀምበትም» ብለው አይለፉት።

የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ስም አንድ ላይ እንዴት ላስቀምጥ?

ብዙ ሎጎ የሚበላሸው እዚህ ነው። የተለመደው አሠራር እንግሊዝኛውን በጥንቃቄ ነድፎ አማርኛውን ኮምፒዩተሩ ላይ በተገኘው ፎንት ከሥር መወርወር ነው። ውጤቱ ሁለት ድርጅት አንድ ታፔላ የተጋሩ ይመስላል። አማርኛ አንባቢ ደንበኛ ካለዎት ንድፉ ከአማርኛው ይጀምር፤ የላቲኑ ፎንት ለእሱ የሚመች ተብሎ ይመረጥ።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ቁመቱም በአብዛኛው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ከላቲን ትልልቅ ፊደሎች ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ይስማማል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚወጡት ትንንሾቹ ጋር ግን አሰላለፉ ይረብሻል። የመስመሩ ውፍረት ሁለቱም ላይ ለዓይን እኩል ይሁን። ይህን ለማየት ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ከሁለት ሜትር ይመልከቱ፤ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ከፈዘዘ ውፍረቱ አልተመጣጠነም።

ሌላው የርዝመት ጉዳይ ነው። «ሰላም» በአማርኛ ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን ግን አምስት። ሁለቱን በስፋት እኩል ላድርግ ካሉ አማርኛው ይገዝፋል፣ በቁመት እኩል ላድርግ ካሉ ያጥራል። የሚሠራው ዘዴ አማርኛውን ትልቅ አድርጎ ከላይ፣ ላቲኑን ከሲሶ እስከ ግማሽ ቁመት አሳንሶና በፊደላቱ መካከል አየር ጨምሮ ከሥር ማኖር ነው። የአማርኛውን ፊደላት ግን ብዙ አያራርቁ፤ ፊደሉ ሰፊ ስለሆነ ሲራራቅ ቃሉ ይበተንና ተራ በተራ የሚነበብ ይሆናል።

የትኛውን የአማርኛ ፎንት ልጠቀም?

ለመነሻ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ነው፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ደረጃ አለው፣ ፈቃዱም ለንግድ ሥራ ክፍት ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤልም እንዲሁ በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡት ኒያላ እና ኤብሪማ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆኑ ፈቃዳቸውን አንብቦ መጠቀም ይገባል። የትኛውንም ቢመርጡ እንዳለ አይተዉት። ፎንቱን ማንም ያገኘዋል፤ አንድ ሁለት ፊደል ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ነው የእርስዎ የሚያደርገው።

ሲያስተካክሉ ግን ፊደሉን ፊደል የሚያደርገውን ክፍል አይንኩ። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት የጎኗ ጭረት መሀል ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። «ቤ» ላይ ያችው የግርጌ ጭረት ቀለበት ትሆናለች። ቀለበቷ ጠባብ ከሆነች በትንሽ መጠን ውስጧ ይደፈንና «ቤ» «ቢ» ሆኖ ይነበባል፤ «ቤት» የሚል ስም ያለበት ድርጅት ይህን ደጋግሞ ያያል። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ነ» እና «ኘ» በላይኛው ሰረዝ ብቻ ነው የሚለያዩት። ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ ሰረዟን ከፊደሉ ጋር ካዋሃዳት ስሙ ይቀየራል። ረቂቁን ድርጅቱን ለማያውቅ ሰው ያሳዩና «ምን ይላል?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ከተጠራጠረ ያ ፊደል እንደገና ይሠራ።

ሥራው ሲያልቅ ጽሑፉ ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ይቀየር። ካልተቀየረ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው ባዶ ሳጥን ይታየዋል። በቆዩት የዩኒኮድ (የዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የግእዝ ፎንቶች ከተጻፈ ደግሞ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝርዝር ይወጣል። ባነር ላይ ታትሞ ከተሰቀለ በኋላ የታወቀ እንደዚህ ያለ ስህተት ጥቂት አይደለም።

ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ታፔላው ላይ ያለው ፊደል ምን ያህል ይሁን?

የታፔላ ባለሙያዎች መነሻ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። መንገዱን ተሻግሮ 30 ሜትር ላይ ለሚቆም ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ይጨምሩ። የግእዝ ፊደል ልዩነቱ በትንንሽ ጭረት ላይ ስለሆነም ከላቲኑ ቢያንስ ሩብ ያህል ከፍ ማድረግን እንመክራለን።

በተግባር የሚያጣላው ቦታ ነው። ታፔላው ላይ ስልክ ቁጥር፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ የኬክ ፎቶ እና አድራሻ ሲደረደሩ ስሙ ሲሶ ቦታ ይቀረዋል። ስሙና ምልክቱ ቢያንስ ግማሹን ይያዙ፤ ዝርዝሩ ወደ መስታወቱ ይውረድ። ከውስጥ መብራት ለሚኖረው ታፔላ ነጭ ፊደል በጨለማ ላይ ሲበራ ዙሪያው ስለሚደበዝዝ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ይጨምሩ። ከማሠራትዎ በፊትም በክፍለ ከተማው ስለ ታፔላ መጠንና ቋንቋ የሚሠራበትን መመሪያ ይጠይቁ፤ ከተሠራ በኋላ አውርድ መባል ያስቆጫል።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ሎጎዬ ለምን ይቆረጣል?

ገጹ የሚቀበለው ካሬ ምስል ቢሆንም የሚያሳየው በክብ ቆርጦ ነው። ክቡ ውስጥ ሳይነካ የሚገባው ትልቁ ካሬ የክቡን ወርድ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 1000 በ1000 ፒክስል በሆነ ምስል ላይ ምልክቱን መሀል ላይ በ700 ፒክስል ውስጥ ያኑሩት።

ወደ ጎን የረዘመ ሎጎ ግን አሳንሰውም አይሆንም። የቴሌግራም ዝርዝር ላይ ምስሉ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፤ ውስጡ ያለ ጽሑፍ አይነበብም። ለዚህ ምልክቱን ብቻ ወይም የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በዋናው ቀለም ላይ የያዘ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል። ስሙ ጎኑ ላይ ተጽፎ ስለሚታይ የሚጎድል ነገር የለም።

ስክሪን ላይ ያየሁት ቀለም ህትመት ላይ ለምን ተለየ?

ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን (አርጂቢ)፣ ማተሚያ ደግሞ በአራት ቀለም ቅልቅል (ሲኤምዋይኬ) ነው። ደማቅ አረንጓዴ፣ የሚያበራ ብርቱካናማና ጥልቅ ሰማያዊ በቅልቅሉ አይደረስባቸውም፤ ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል። ቀለሙ ሲመረጥ በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ይያዝ፤ ከተቻለ የፓንቶን (ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የቀለም መለያ) ቁጥርም ይጨመርበት። «ያ የድሮው አረንጓዴ» ብሎ በቃል መናገር በየማተሚያ ቤቱ የተለያየ አረንጓዴ ያመጣል።

ብዛት ያለው ሥራ ከማዘዝዎ በፊት በዚያው ማሽንና በዚያው ወረቀት ወይም ባነር ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ናሙና ያስወጡና በፀሐይ ብርሃን ይመልከቷት። ትንንሽ ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ። ከአራቱ ከተቀላቀለ ማሽኑ ትንሽ ሲዛነፍ ጠርዙ ላይ ባለቀለም ጥላ ይወጣል።

ከዲዛይነሩ የትኞቹን ፋይሎች ልቀበል?

በቴሌግራም የተላከ አንድ ፎቶ ሎጎ ተረከብኩ አያሰኝም፤ እንደ ፎቶ ሲላክ እንዲያውም ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። የሚከተሉትን በፋይል መልክ ይረከቡ፦

- ዋናው የቬክተር ፋይል (ኤአይ፣ ማለትም የኢሉስትሬተር ፕሮግራም ፋይል፣ ወይም ኤስቪጂ) እና ፒዲኤፍ፤ ቬክተር በመስመር ስሌት ስለተሠራ የካርድ መጠንም የሕንፃ መጠንም ሲሆን ጠርዙ አይሰነጣጠቅም።
- ዳራ የሌለው ፒኤንጂ፣ ስፋቱ ቢያንስ 2000 ፒክስል፤ በቀለም፣ በጥቁር ብቻ እና ለጨለማ ዳራ በነጭ።
- ለክብ ገጽ የሚሆነው ቅጂ እና ለደረሰኝ የሚሆነው ቅጂ።
- የቀለም ቁጥሮች፣ የፎንት ስሞች፣ ትንሹ የሚፈቀደው መጠን እና በዙሪያው የሚተወው ክፍተት የተጻፈበት አንድ ገጽ።

ኤስቪጂ ስለተባለ ብቻ ግን ቬክተር ነው ብለው አይመኑ፤ ፎቶ ውስጡ አስገብቶ በዚያ ስም ማስቀመጥ ይቻላል። ፋይሉን ከፍተው እስከ መጨረሻው ያጉሉት። ጠርዙ ጥርት ካለ ቬክተር ነው፤ ካሬ ካሬ ነጥብ ከታየ ይመልሱት። ከተረከቡ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ለማህተም የተሠራውን ሎጎ ከታተመ ወረቀት ላይ ስካን አድርጎ መልሶ መሣል ዛሬም ብዙ ድርጅት የሚከፍልበት ሥራ ነው።

በካንቫ (የኢንተርኔት ዲዛይን መሥሪያ) ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብሠራውስ?

ሐሳብ ለማየትና ለዲዛይነር «ይህን የመሰለ ስሜት» ብሎ ለማሳየት ይጠቅማሉ። ለመጨረሻው ሎጎ ግን ሁለቱም ችግር አለባቸው። ካንቫ ላይ ያሉ የተዘጋጁ ሎጎዎችና ሥዕሎች ለማንም የሚሰጡ ስለሆኑ በእነሱ ላይ የተሠራ ሎጎ የንግድ ምልክት ሆኖ ለብቻዎ እንዲያዝ ራሱ የካንቫ ውል አይፈቅድም። በተራ ቅርጾች፣ በመስመሮችና በፎንት ብቻ የራስዎን ከሠሩ ጉዳዩ ይለያል።

ምስል የሚፈጥሩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ደግሞ ፊደላችንን ብዙ ጊዜ ያበላሹታል፤ ፊደል የሚመስል ነገር ግን የሌለ ቅርጽ ያወጣሉ። የሚሰጡትም አብዛኛውን ጊዜ የፒክስል ምስል ነው፤ ቬክተር አድርጎ እንደገና መሣል ይቀራል።

ሎጎው የማን ነው፣ የእኔ ወይስ የዲዛይነሩ?

ይህ በጽሑፍ ካልተቋጨ የሚያጣላው ሥራው ሲያድግ ነው። ባለ አንድ ገጽ ውል ይበቃል፤ ነገር ግን እነዚህ ይኑሩበት፦ ስንት የመጀመሪያ ሐሳብ እንደሚቀርብ (ሦስት ጥሩ ቁጥር ነው)፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚካተት፣ የሚረከቡት ፋይሎች ዝርዝር፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሆነ፣ እና ሙሉ ክፍያ ሲጠናቀቅ የመጠቀም፣ የመለወጥና የማስመዝገብ መብቱ ሁሉ ወደ ድርጅቱ እንደሚተላለፍ። ዲዛይነሩ ከሌላ ሥራ እንዳልቀዳና የተጠቀመው ፎንት ፈቃድ እንዳለው የሚያረጋግጥ አንድ መስመርም ይጨመር። ያልተመረጡት ረቂቆች ግን የእሱ ሆነው ቢቀሩ ፍትሐዊ ነው።

የንግድ ስም አስመዝግቤያለሁ፤ ሎጎዬም ተጠብቋል ማለት ነው?

አይደለም። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ሲመዘገብ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነው። ሎጎና የዕቃ ስም የሚጠበቁት ግን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። የማደሻው ጊዜ እንዳያመልጥ ከግብር ቀኖችዎ ጋር አብረው ይጻፉት።

ምዝገባው የሚሆነው በዕቃና አገልግሎት ምድብ ነው። ዓለም አቀፉ የኒስ ምድብ 45 ክፍል አለው፤ ከ1 እስከ 34 ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ለአገልግሎት። የተቆላ ቡና ምድብ 30፣ ካፌና ምግብ ቤት ምድብ 43፣ ልብስ ምድብ 25 ነው። ካፌ ከፍተው የተቆላ ቡናም በከረጢት የሚሸጡ ከሆነ ሁለቱንም ያስቡ። ሎጎው ሳይጸድቅ፣ ታፔላም ሳይሠራ፣ ተመሳሳይ ምልክት ተመዝግቦ እንደሆነ ማስፈተሽ ከሁሉ ይቀድማል።

ባንዲራ፣ የመንግሥት አርማ ወይም ቀይ መስቀል ሎጎዬ ላይ ማድረግ እችላለሁ?

የአገር ሰንደቅ ዓላማና አርማ ያለፈቃድ የንግድ ምልክት ሆኖ አይመዘገብም። ቀይ መስቀል ደግሞ ብዙ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት «የሕክምና ምልክት ነው» ብሎ የሚጠቀምበት ቢሆንም እንዲያ አይደለም። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ፣ በጦርነት ጊዜ ሰውና አምቡላንስ እንዳይመታ የሚያገለግል ምልክት ነው። በየበሩ ከተለጠፈ የሚጠፋው የሰው ሕይወት የሚያድነው ትርጉሙ ነው። ለመድኃኒት ቤት አረንጓዴ መስቀል፣ ለክሊኒክ በበትር ላይ የተጠመጠመ እባብ አማራጭ ይሆናሉ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የራስዎ ምልክት ነው።

ቡና ወደ ውጭ ልልክ ወይም ዋሽንግተን ላይ ሱቅ ልከፍት ነው፤ ምን ይለወጣል?

የንግድ ምልክት ጥበቃ በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበ ሎጎ አሜሪካ ውስጥ ራሱን አይከላከልም። በአሜሪካ ማመልከቻ ላይ ሎጎው የግእዝ ፊደል ካለበት በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚነበብና ትርጉሙ ካለ ምን እንደሆነ መግለጽ ይጠየቃል። ክብ ውስጥ ያለችውን፣ «ተመዝግቧል» የምትለውን የ«አር» ምልክት (®) እዚያ አገር ምዝገባው ሳይጸድቅ ሎጎው ጎን ማድረግም አይፈቀድም።

ለቡና ላኪ ሌላ ነገር አለ። «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የአንድ ነጋዴ ስም አይደሉም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ አመልክቶ፣ ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርና ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ከተከራከረ በኋላ በ2007 ከኩባንያው ጋር የተስማማባቸው ስሞች ናቸው። ስለዚህ የራስዎ ብራንድ ስም ሌላ ይሁን፤ የቡናው መገኛ ከሥር ለብቻው፣ በአግባቡ ፈቃድ ተጠይቆበት ይጻፍ። በንድፉም ፊደሉን የማያነብ ደንበኛ አማርኛውን እንደ ቅርጽ ነው የሚያየው። እዚያ የላቲኑ ስም ከፍ ቢል ወይም ምልክቱ ቢጎላ ተገቢ ነው፤ አማርኛውን አጣሞ ጌጥ ማድረግ ግን የሚያነበውን የአገር ልጅ ያስቀይማል።

ሎጎዬን መቼ ልቀይር?

ባለቤቱ ስለሰለቸው ብቻ አይቀየርም፤ እርስዎ በየቀኑ ያዩታል፣ ደንበኛው ግን ገና እየለመደው ነው። በቂ ምክንያት የሚሆነው ስሙ ሲቀየር፣ የሥራው ዘርፍ ሲሰፋ፣ ከሌላ ጋር የሚያምታታ ሆኖ ሲገኝ ወይም በትንሽ መጠን የማይነበብ ሲሆን ነው። በመጨረሻው ምክንያት ከሆነ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ያለውን ያጥሩት፦ ቀለሙን ይያዙ፣ ዋናውን ቅርጽ ይያዙ፣ ትርፍ መስመሮቹን ያውጡ።

ለውጡን በቅደም ተከተል ያካሂዱት። መጀመሪያ ምዝገባው ላይ ለውጡን እንዴት እንደሚያስገቡ ይጠይቁ፣ ምክንያቱም የተመዘገበው ምስልና የሚጠቀሙበት ሲለያዩ ጥበቃው ይዳከማል። ቀጥሎ ስልክ ላይ ያሉት ገጾች በአንድ ቀን ይቀየሩ። ማህተም ከተቀየረ ለባንክና ለሚመለከታቸው ቢሮዎች አዲሱን በደብዳቤ ያሳውቁ፣ አሮጌውንም ከአገልግሎት ያውጡ። ማሸጊያና ከረጢት ላይ የቀረ ክምችት ካለ ስንት ወር እንደሚበቃ ቆጥረው አዲሱን ህትመት በዚያ ልክ ይዘዙ። ታፔላው ግን አይዘግይ፤ አዲሱን ሎጎ ስልኩ ላይ አይቶ የመጣ ደንበኛ በሩ ላይ አሮጌውን ካየ ሌላ ቤት መስሎት ያልፋል።